ከጥዱ ስር ማን አወጣኝ

ሰኞ

አንገቴ አይዞርም። በግራ በኩል ያለ ነገር ለማየት መላ ሰውነቴን ነው የማዞረው። ሚልፒታስ ስራ ቦታ ማናጀሬ አየኝና «ሂድ ቤትህ ተኛ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሲበይድ የሚውል ሰው አንገት ከሌለው ምን ያደርጋል? ሳን ሆዜ ተመልሼ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ።

ቅዳሜ ታሆ ተራራ ላይ የሆነውን እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ልሞክር።

ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል ነው ያደረው። ጓደኛዬ ሳሚና እኔ የበረዶ መንሸራተቻ ስኖቦርዳችንን እግራችን ላይ አስረን ከዋናው መንገድ ወጣንና ጥዶቹ መሃል ገባን። ማንም ያልረገጠው በረዶ ያለው እዚያ ነዋ! ጥድ ግን ተንኮለኛ ነው። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ በረዶውን ስለሚጋርደው ግንዱ ዙሪያ ያለው አይጠቀጠቅም፣ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፉ ስለሚሸፍነው ደግሞ ከላይ አይታይም። ትሪ ዌል ይሉታል። እዚያ ገብቶ የሚሞት እንዳለ በየምሰሶው ተለጥፏል፤ ማን ያነባል?

ለዚሁ ብለን ተስማምተን ነበር። በየጥቂቱ አንዱ «አለህ?» ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው «አለሁ!» ይላል። መጀመሪያ ጮኽን። ከኛ በላይ በሊፍቱ ወንበር ተንጠልጥለው የሚያልፉት ፈረንጆች ዞር ዞር ብለው አዩን። ሳሚ «ኧረ ድምፅህን ቀንስ፣ ከብት የጠፋብን መሰልን እኮ» አለኝ። ሳቅን። ቀነስን።

ከዚያ ቦርዴን ቅርንጫፍ ያዘውና በጭንቅላቴ ተተከልኩ። እግሬ ወደ ላይ፣ ፊቴ ወደ ታች። በታገልኩ ቁጥር ከላይ በረዶ ይወርድብኛል። ሁለቱም እግሮቼ ከቦርዱ ጋር ታስረዋል፣ ልፈታ ብል እጄ አይደርስም። ለመጮህ አፌን ስከፍት በረዶ ሞላው። እማዬን አሰብኩ። ከዚያ ጨለማ።

ቀጥሎ የማስታውሰው ብርሃን ነው፣ ፊቴን የሚጠርግ እጅ ነው። እሱም እንደ ሕልም። ልቤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ታች፣ የተራራው ጠባቂዎች ክፍል ውስጥ ነው። ሳሚ እጄን ይዞ እንባው ይወርዳል። «አይዞህ በረኬ፣ አይዞህ ወንድሜ» ይላል።

ማታ ኦክላንድ እማዬ ቤት ስንደርስ እህቴ ማሂ በሩ ላይ ጠበቀችን። ለእማዬ የነገረቻት እሷ ናት። «ሳሚ ነው ቆፍሮ ያወጣው፣ ጣቶቹ እስኪደነዝዙ!» እማዬ እልል ትበል ታልቅስ ሳታውቀው ሳሚ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝናት። ሳሚ ቃል አልወጣውም። አቀርቅሮ ቀረ።

እንዲህ ያለ ትሑት ሰው የት ይገኛል? ልጁ ነፍሴን አውጥቶ እንኳን አልኮራም።

ማክሰኞ

እማዬ ጠዋት ኮል አደረገች።

«ያንን ልጅ በድዬዋለሁ» አለች።

ታሪኩ ይሄ ነው። ሳሚና ማሂ መፈላለግ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏል። እማዬ ግን እምቢ ብላ ነበር። ሳሚ አዲስ አበባ አግብቶ ፈትቷል፣ ለሷ ያ በቂ ነው። «አንዴ ያፈረሰ ሁለተኛም ያፈርሳል» ትል ነበር። ስሙን እንኳን አትጠራም፤ «ያ ሾፌር» ነው የምትለው፣ ኤርፖርት ሰው ስለሚያመላልስ። እኔ መሃል ላይ ስንገላታ ኖርኩ። አንዱ የነፍስ ጓደኛዬ፣ አንዷ እህቴ፣ አንዷ እናቴ።

አሁን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። «ልጄን ከበረዶ ውስጥ ያወጣልኝን ሰው ልጄን እንዴት እነፍገዋለሁ?» ትላለች። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፣ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እሁድ፣ በቅበላው ዕለት ይምጡ ብላለች። የክርስትና ስሙንም ከማሂ ተቀብላ ቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች፣ በጸሎት እንዲያስቡት። ያ ሾፌር ባንድ ሌሊት ኃይለ ሚካኤል ሆነ።

«አባትህ በሌለበት መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ለሳሚ ደወልኩለት። «በረኬ፣ አታጋንኑት እባካችሁ» አለኝ ቀዝቀዝ ብሎ። «ምን ይጋነናል፣ ነፍስ ነው!» አልኩት።

የማላውቀው ቁጥር ደጋግሞ ይደውላል። የመኪና ዋራንቲ ሻጮች ይሆናሉ፣ ይደውሉ።

ረቡዕ

የመኪና ዋራንቲ አልነበረም።

ቮይስ ሜይል ትታለች። ወፍራም፣ ሳቂታ ድምፅ። «ግሎሪያ ነኝ፣ የበረዶዋ። ጭንቅላትህ እንዴት ነው?» ትላለች። የትኛዋ የበረዶ? መልሼ ደወልኩ።

ሪችመንድ ነው የምትኖረው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ቅዳሜ ከእህቷ ጋር ጥዶቹ መሃል ሲወርዱ የቦርዴን ጫፍ አይታ ነው የቆመችው። ሰማያዊ ነገር ከበረዶው ወጥቶ ይንቀጠቀጥ ነበር አለችኝ። እህቷ ጠባቂዎቹን ልትጠራ ወረደች፣ እሷ በእጇ ቆፈረች። መጀመሪያ ፊቴ ጋ መተንፈሻ አወጣችልኝ። ስነቃ ልቤ መመለሱን ለማወቅ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ እኔም በትክክል ነገርኳት። አንዱንም አላስታውስም።

«ጓደኛዬስ?» አልኳት። «አብሮሽ የቆፈረው።»

«የኔ ማር፣ ማንም አልነበረም» አለች።

ሳሚን ያየችው ታች ነው። ጠባቂዎቹ በረዶ ላይ በሚጎተት ቃሬዛ ይዘውኝ ሲወርዱ ከካፊቴሪያው በር እየሮጠ መጣ። እጁ ላይ ሳንድዊች ነበር።

«ጓንቱም ደረቅ ነበር» አላለችም። እኔ ነኝ አሁን ያስታወስኩት። እጄን ሲይዘኝ ጓንቱ ሞቃትና ደረቅ ነበር።

የሷ እጅ እስካሁን እንዳበጠ ነው። «ስቲሪንግ ለመያዝ ትንሽ ያስቸግራል» ብላ ሳቀች። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ደጋግሜ፣ እንደ ጅል። 

ሐሙስ

ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሳሚ መኪና ውስጥ። ገና ስገባ «አንገትህ ተሻለህ?» አለኝ።

«ግሎሪያ ሰላም ብላሃለች» አልኩት።

ማናት ብሎ አልጠየቀም። ሞተሩን አጠፋው።

ጠርተኸኝ ነበር ወይ ስለው ጠርቼሃለሁ አለ። ስንቴ? አንዴ። እንዴት አድርገህ? ቀስ ብዬ።

«ቀስ ብለህ!»

«ሰዎች ቆመው ነበር በረኬ። ጫካ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ በአማርኛ ስጮህ... እብድ ነው ይሉኛል ብዬ።»

ሳቅኩ። ማርያምን፣ ሳቅኩ። ሰው በመኪና ይሞታል፣ በስኳር ይሞታል፤ እኔ በሳሚ ይሉኝታ ልሞት ነበር! ከዚያ ዳሽቦርዱን በቡጢ መታሁት። እጄን አመመኝ፣ አንገቴንም።

ስላልመለስኩ ቀድሜው የወረድኩ መስሎታል። ሊፍቱ ጋ ጠበቀኝ፣ ቀረሁበት፣ በረደው፣ ካፊቴሪያ ገባ። ራበው። እማዬ በቋንጣ ፍርፍር የሰራችልንን ሳንድዊች አወጣ። እማዬ ለሱ ስትሰራለት የመጀመሪያዋ ነው፣ ያውም እኔ ለምኛት።

«የኔንስ?»

«ትመጣለህ ብዬ አስቀምጬልህ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«በላሁት።»

እስከዚህ ድረስ ይቅር ልለው እችላለሁ። መፍራትም መራብም የሰው ነው። ግን ውሸቱስ? እናቴ እግሩ ላይ ስትወድቅ አቀርቅሮ መቆሙስ? ትሑት ነው ብዬ እኔ ሞኙ! አፍሮ ነው ለካ።

«እኔ አወጣሁት ብዬ አልተናገርኩም» አለኝ። «አንድ ቀን እንኳን ከአፌ አልወጣም።»

«ታዲያ ከማን አፍ ወጣ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማሂን ጠይቃት» አለ።

አርብ

በምሳ ሰዓቷ ከምትሰራበት ፋርማሲ ጠራኋት። አጠገቡ ያለው ሐይቅ ዳር ቆምን። ገና ፊቴን ስታይ ገባት።

«በረኬ፣ ሊሰን» አለች። እንዲህ ስትጀምር ደግ ነገር አይመጣም።

ቅዳሜ ሳሚ ከመንገድ ላይ ደውሎ ሁሉንም ነግሯታል፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ። እያለቀሰ። አፍህን ዝጋ ያለችው እሷ ናት። አወጣው ያለችው እሷ ናት። የደነዘዙትን ጣቶችም የፈጠረችው እሷ ናት።

«ሁለት ዓመት ለመንኳት! ሁለት ዓመት! አንተም ታውቃለህ። ቻንስ መጣ፣ ወሰድኩት።»

«ቻንሱ እኔ ነኝ? በጭንቅላቴ ተተክዬ?»

«ተርፈሃል እኮ! ዩር አላይቭ! ማን እንዳወጣህ ምን ዲፈረንስ ያመጣል?»

ምን ዲፈረንስ ያመጣል! አባዬ ሲሞት እሷ ትንሽ ልጅ ነበረች። እማዬ ስራ ስለምትገባ ጠዋት ጠጉሯን የምጎነጉነው እኔ ነበርኩ፤ ጠማማ ጉንጉን፣ ክፍል ውስጥ ይስቁባት ነበር። አንድም ቀን ለእማዬ አልከሰሰችኝም። ያቺ ልጅ ናት ዛሬ ቆማ ምን ዲፈረንስ ያመጣል የምትለኝ።

ምን እንዳልኳት በሙሉ አላስታውስም። የማስታውሰው «አንዲት ሴት እጇ አብጦ ሪችመንድ ተቀምጣለች፣ እናታችን ለሌላ ሰው ትጸልያለች» ማለቴን ነው። ማሂ አለቀሰች። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፤ ዳክዬዎቹን እያየሁ ዋጥኩት።

ስትሄድ ዞራ «እሁድ እባክህ ዝም በል። ፕሊስ» አለች።

ማታ ሳስበው የከነከነኝ ይሄ ነው። ሳሚ ትቶኝ የሄደው ሳያየኝ ነው። እሷ ግን እያየችኝ ነው።

ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። መንገዶቹን ልጻፋቸው፦

ዛሬውኑ ለእማዬ ብነግራት። ሽማግሌዎቹን በር ላይ ትመልሳቸዋለች። ማሂ እስክሞት አታናግረኝም።

ነገ ሽማግሌ ፊት ብናገር። ሳሚ በማግስቱ ኦክላንድን ለቆ ይሄዳል። ወሬ ለማዳረስ ሬድዮ የማያስፈልገው ሕዝብ ነው ያለን።

ዝም ብል። በየፋሲካው፣ በየልደቱ፣ በየክርስትናው «ነፍስህን ያወጣት እሱ አይደል?» እየተባልኩ ፈገግ ስል ልኖር ነው። አልችልም። አሁን እየጻፍኩት እንኳን ደሜ ይፈላል።

ከሰዓት በኋላ ኦክላንድ ሄጄ ለእማዬ ዕቃ ገዛዛሁላት። ዶሮዎቹ ታጥበዋል፣ ቀይ ሽንኩርቱ ቤቱን በእንባ ሞልቶታል፤ ማንም ቢያለቅስ አይታወቅበትም። ማሂ እኔ ባለሁበት ክፍል አትገባም። እማዬ አንድ ነገር ልታሳየኝ ጠራችኝ። አዲስ ጋቢ፣ ጥለቱ የሚያምር። ለሳሚ ነው።

«በበረዶ ውስጥ በርዶታል ልጄ፣ አጥንቱ ድረስ ሳይገባ አይቀርም» አለች።

በርዶታል! ካፊቴሪያ ውስጥ!

«ያምራል እማዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሁድ

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በጋሽ ታደሰ መሪነት። ጋሽ ታደሰ የሰፈሩን ሰው ግማሹን ያጋቡ፣ ከተጣላው ግማሹን ያስታረቁ ሰው ናቸው። አማች ሊሆን ያለ ሰው አብሮ አይገባምና ሳሚ በመኪናው አድርሷቸው መንገዱ ጥግ ላይ ቆሟል። የራሱን ሽማግሌ የሚያመላልስ ሾፌር!

እማዬ «ኧረ ቁጭ በሉ» ስትል፣ እነሱ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቆሙ። ጋሽ ታደሰ ጀመሩ። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል አሉ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?

«ይህ ልጃችን» አሉ፣ እኔን እያዩ፣ «ገና አማች ሳይሆን ለወንድምየው ነፍሱን የሰጠ ነው። ሌላው ሰው በቃል ይመሰክራል፣ የዚህ ምስክር ቁጭ ብሎ ያየናል።»

እማዬ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ማሂ ኩሽና በር ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሁሉም ወደኔ ዞረ። ምላሴ ላይ ነበር። ግሎሪያ የሚለው ስም ምላሴ ላይ ነበር! ይሉኝታ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። አፍ ውስጥ እንደሚሞላ በረዶ ነው። ለሳሚ አንድ አፍታ አዘንኩለት። አንድ አፍታ ብቻ።

«ጋሽ ታደሰ» አልኩ። «አክብራችሁ መጥታችኋል፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ቀን ስጡን።»

 እማዬ ዞራ ስታየኝ የተናደደችውን አልጽፈውም። ጋሽ ታደሰ ግን ፈገግ አሉ።

«ደግ ብሏል። ሴት ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ አትሰጥም፣ ወግ ያውቃል ልጁ። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን።»

ወግ ያውቃል! በወጉ ተደብቄ መውጣቴን እሳቸው የት ያውቃሉ? ተቀመጡ ተባሉ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ጋቢው እንደተጣጠፈ ወንበሩ ላይ ቀረ።

እማዬ ኩሽና ጎተተችኝ። «ምን ነካህ? ሕይወትህን ለሰጠህ ሰው ቀን ስጡን ይባላል?»

«ትንሽ ታገሺኝ እማዬ» ብያት ወጣሁ።

የሳሚ መኪና መስታወት በትንፋሹ ተሸፍኗል፤ በሩን ከፈትኩት። «ምን ተባለ?» አለ።

«ቀን ጠየቅን።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትናገር። እኔ አልነግርልህም፣ አላሳብቅብህምም። አንተ ገብተህ ለእማዬ ትነግራታለህ። ካልሆነ ከፋሲካ በኋላም እሺ የሚለው ቃል ከኔ አፍ አይወጣም።»

 በሩን ዘግቼበት ሄድኩ።

ሰኞ

የጾሙ መጀመሪያ። እረፍት ጠይቄ እማዬ ቤት ዋልኩ። እማዬ አኩርፋኛለች፣ ማሂ አኩርፋኛለች። ሦስታችን ሽሮ ዙሪያ ተቀምጠን የሚሰማው ማላመጥ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ጩኸት ሰማሁ።

«በረከት! አለህ?»

በመስኮት አየሁ። ሳሚ መንገዱ መሃል ቆሟል። ደወል አለ፣ ስልክ አለ፣ እሱ ግን ይጮሃል። ማዶ ያሉት ሜክሲካዊ አዛውንት ሳር ማጨዳቸውን ትተው ያዩታል። ውሻ የምታንሸራሽር ሴት ቆማለች። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

አልመለስኩም። ይድገመው።

«በረከት! አለህ ወይ?»

ድምፁ ተሰነጠቀ። የውሻዋ ሴት ወደ ማዶ ተሻገረች።

«አለሁ!» አልኩት።

ገባ። እማዬ ተነስታ ልትስመው ስትል እጁን ዘረጋና አስቆማት፣ ከዚያ ተናገረ። አንድም አላስቀረም። በሹክሹክታ መጣራቱን፣ ካፊቴሪያውን፣ ሪችመንድ ያለችውን ሴት። ማሂ መሃል ላይ ተነስታ «እማዬ፣ ውሸቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች በአማርኛ፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል።

 እማዬ ማሂን አላየቻትም። ሳሚን ነው የምታየው።

«ሳንድዊቹንም በላኸው?»

«አዎ እማማ።»

«የሱንም ድርሻ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ለሱ ብዬ ሚጥሚጣውን ቀንሼ ነው የሰራሁት» አለች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ለአንገቴ ያላለቀሰችውን ለሳንድዊቹ አለቀሰችው። ማንም አልነካትም።

አይኗን ጠርጋ ወደኔ ዞረች። «ያወጣችህ ሴት ማን ትባላለች?»

«ግሎሪያ።»

«የክርስትና ስሟን ጠይቅልኝ። ያለሷ ስም ስጸልይ ነው የሰነበትኩት።»

ደወልኩ። ግሎሪያ ጥያቄውን ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ «ያው ግሎሪያ ነው፣ በሱ ነው የተጠመቅኩት» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ተቀየረ። እማዬ ስልኩን ቀማችኝ። የምታውቃትን እንግሊዝኛ በሙሉ ተናገረች፦ ታንክ ዩ፣ ታንክ ዩ፣ ማይ ሰን፣ ጋድ ብለስ። ስትጨርስ ጋቢውን ከወንበሩ አንስታ ሰጠችኝ። «ነገ ሪችመንድ ውሰድላት። እጇን እንዳይበርዳት።»

ሳሚ አሁንም በር ላይ ቆሟል። የሚቀመጥበት ወንበር ጋቢው የነበረበት ነው፣ ባዶውን ነው። ማሂ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች። ማንም ውጣ አላለውም፣ ማንም ግባ አላለውም።

እማዬ የተረፈውን ሽሮ ልታሞቅ ተነሳች። ስታልፍ ፊቱን ሳታይ «ተቀመጥ» አለችው።

እሷ አለችው። እኔ ገና አላልኩትም።